ወገቤና ጠያቂዎቼ

የወገቤ ሕመም ሊገድለኝ እንደሚችል ያወቅሁት ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ልታጽናናኝ «አብሽሪ» ስትለኝ ነው። ሕመሙ የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ አብሮኝ የኖረ፣ የለመድኩት ነበር። እሷ ግን አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ ያመጣችልኝን ብርቱካን እየላጠች፣ «አብሽሪ፣ የአምባሰሏ አክስቴም እንዲሁ ወገቤን ወገቤን ስትል ነው የሄደችው» አለችኝ። ወዴት ሄደች ብዬ አልጠየቅሁም። ብርቱካኑንም እሷው በላችው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕመሙ ወደ ትከሻዬ ወጣ። ሐይቅ ከተማ ደግሞ ሰው ታሞ ሳይጠየቅ አይቀርም። የመጣው ሁሉ አላህ ያሽርሽ ካለኝ በኋላ የሚያወራልኝ አንድ ሬሳ አያጣም። ኩላሊት ነው ሲሉኝ ጎኔን ይወጋኛል፤ ካንሰር ሲሉኝ የቱ ጋ እንደሚያም ስለማላውቅ ሁሉንም ያመኛል። ትንሿ ልጄ ጸጉሯን መሥራት አትችልም፤ ብሞት ማን ይሠራላታል እያልኩ አለቅሳለሁ። የልጆቼ አባት እኔ እሠራላታለሁ ቢለኝ ባሰብኝ።

በመጨረሻ ደሴ ወሰደኝ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። ራጅ አስነሳችኝ፣ ክፉ ነገር የለብዎትም አለችኝ፣ ቀጥላ ስለ አንጎሌ ማውራት ጀመረች። ሻሼን አጥብቄ ተነሳሁ።

«ወገቤን ነው እንጂ ያመመኝ፣ አላበድኩም» አልኳት።

«ማን አበዱ አለዎት፣ እናቴ? ይቀመጡ። ሕመምዎ የእውነት ነው። ግን አንጎል ውስጥ የሕመምና የፍርሃት መንገዳቸው የተያያዘ ነው። አንዱ ሲነቃ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል። ሲቆይ ደግሞ ሁለቱም ያለ ምክንያት መንቃት ይለምዳሉ።»

የሰፈራችን ውሾች ትዝ አሉኝ። አንዱ ጅብ አይቶ ይጮሃል፤ ሌላው ምንም ሳያይ ይቀበለዋል። ይህንን ስነግራት ሳቀችና መቼ እንደሚብስብኝ ጠየቀችኝ። እኔ ሳስብ የልጆቼ አባት ቀደመኝ።

«ጠያቂ ሲመጣ» አላት።

መተኛት ቀንሼ በየቀኑ ቀስ እያልኩ እንድራመድ አዘዘችኝ። እሱም ከዚያ ወዲያ በር ላይ እየቆመ፣ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ከኔ ጋር ወደ ሐይቁ ይሰደው ጀመር። ሲወርዱ ያወራሉ፤ ዳገቱን ሲመለሱ ግን ትንፋሽ አይተርፋቸውም። ጎረቤቴ ሌላ ሟች ጀምራ እመንገድ ላይ ተወችው። እኔ ቀድሜያት ደጄ ደረስኩ።

ወገቤ ዛሬም ጎንበስ ስል ያመኛል። ያመኛል እንጂ አልሞትበትም፤ አሁን አልፈራውም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።