ባለማኅተሙ ወረቀታችን

እኔ ስናደድ ድምፄን መቀነስ አልችልም፤ ጅዳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስደሰት ደግሞ ይብስብኛል። የዚያን ሳምንት ነገር ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ እንግዲህ ቻሉኝ።

ጅዳ ኑዝላ ሰፈር የምንኖር ሴቶች ማኅበር አለን። ሌላውን ቀን ሰው ቤት እንሠራለን፣ ዓርብ ዓርብ እንሰበሰባለን። ዓላማችን አንድ ነው፦ እዚህ የተወለዱ የሐበሻ ልጆች ያለ ክትባት፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ትምህርት እንዳይቀሩ መርዳት። የትኛው መስኮት ላይ ምን እንደሚባል፣ የትኛው ወረቀት ከየትኛው እንደሚቀድም በገዛ እግራችን እየተንከራተትን ነው ያወቅነው። አንድ ዓርብ ታዲያ ይህን እውቀት ለመካ እህቶቻችን ለምን አናካፍልም የሚል ሐሳብ ተነሣና እኔ ብድግ አልኩ። እጽፈዋለሁ አልኩ፤ ጻፍኩትም። ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚያስፈልጉትን አምስት ነገሮች በቁጥር በቁጥር፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ። ሐበሻ አይደለን፣ ከሥሩ የማኅበሩን ክብ ማኅተም ግጥም አደረግንበት። አማረበት። ለእያንዳንዷ የመካ ሴት አንድ አንድ ቅጂ አባዛን።

መካ ሄጄ በአፌ ላስረዳ አልችልም። ክርስቲያን ነኝ፤ መንገዱ ላይ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲታጠፍ የሚያዝ ምልክት አለ፣ ከዚያ አላልፍም። የመካዎቹም ብዙዎቹ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ኢቃማቸው፣ ስላበቃ ኬላውን አልፈው ጅዳ መምጣት አይደፍሩም። በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ግን ተያይተን አናውቅም። ወረቀቶቹን መካ በሚመላለስ ሾፌር ላክናቸው።

ከደረሳቸው አንዷ መካ፣ ዛሂር ሰፈር የምትኖር የወሎ ልጅ ናት። ቤት ታጸዳለች፤ አንድ ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። እናትየው ሥራ ስትሄድ በር ተቆልፎባት ነው የምትውለው። እዚያው መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ውስጥ የስደተኛ ልጆችን የሚቀበል አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አለ፤ ምዝገባው የሚያበቃው በዚያ ሳምንት ሐሙስ ቀትር ላይ ነበር። እሱ ካለፈ ልጅቱን ሌላ ዓመት ከተቆለፈ በር ኋላ መተው ነው።

በየሁለት በየሦስት ቀኑ በድምፅ መልእክት እጠይቃታለሁ። ወረቀቱ ደርሷታል፣ ገብቷታል፣ ኢንሻአላህ ሁሉም ይሆናል። እሺታዋ አያልቅም። እኔም ማኅበሩ ላይ እየተነሣሁ የመካው ሥራ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል እያልኩ ሪፖርት አቀርባለሁ።

ምዝገባው ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት ግን እስካሁን የያዘቻቸውን ሰነዶች ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። አንድ ፎቶ መጣ። የእኛው ወረቀት ነው፤ እንዳይቀደድ በፕላስቲክ አስለብሳዋለች። ደወልኩላትና ሌሎቹስ አልኳት።

«ሌላም አለ እንዴ?» አለችኝ።

ቀስ እያልኩ ነገሩን ከአፏ አወጣሁት። ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን ስታይ፣ ልጅቱን ተቀበሉልን ብለን ለትምህርት ቤቱ የጻፍነው ደብዳቤ መስሏታል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲሰጥህ ይዘህ ሄደህ ለሚመለከተው ታስረክባለህ እንጂ እኔን ምን አድርግ ይለኛል አትልም፤ አገር ቤት ቢሮ የረገጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጇን አጥባ፣ ጸጉሯን ሠርታ፣ ወረቀቱን ለመዝጋቢዋ ወስዳ ሰጥታለች። ሴትዮዋ አገላብጣ አይታ፣ ፊደሉን እንኳ ስላላወቀችው፣ መልሳላታለች። በሳምንቱ ደግማ ሄደች። ልጅቱ ሁለቱንም ጊዜ ቦርሳ አንግታ ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት። ለፍታችሁ የላካችሁልኝን አልሠራም ብዬ እንዴት ላስቀይማችሁ አለች።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ በእሷ፣ ስልኩን ስዘጋ ደግሞ በራሴ። ማን እንደሚያነበው ሳልጠይቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሺ በተባልኩ ቁጥር ገብቷታል ብዬ ደረቴን የነፋሁትም እኔ ነኝ። ይሉኝታችንን የማላውቅ ይመስል። እኔ ራሴ የምሠራላትን ማዳሜን ስንቴ እሺ ብያት፣ ወጥ ቤት ገብቼ ምን ነበር ያለችኝ እያልኩ ቆሜአለሁ።

መልሼ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ አምስቱንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላት። ቀጥላ የተናገረችውን ግን መቼም አልረሳውም።

«እታለም፣ እንዲህ አይደለም። አንዱን ብቻ ንገሪኝና መልሼ ላሰማሽ። ካልተሳሳትኩ ሁለተኛውን ትነግሪኛለሽ። እኛ ሸሁ ፊት ቁርኣን እንዲህ ነው የምንቀራው።»

የእኔም አባት የኔታ ፊት ተቀምጦ ዳዊት የደገመው እንዲሁ በማሰማት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሴት ሰብስቤ ሳወራ ግን አንዷንም መልሺና አሰሚኝ ብዬ አላውቅም። ጀመርን። አንደኛ፣ ከተወለደችበት ሆስፒታል መዝገብ ክፍል የልደት ማስረጃ። አሰማችኝ። ሁለተኛ፣ የክትባት ካርድ። አሰማችኝ። ሦስተኛ፣ የእናትና የአባት ፓስፖርት ስል ግን አቋረጠችኝ። አባትየው አገር ቤት ገብቷል፣ ፓስፖርቱም ከእሱ ጋር ነው፤ ታዲያ እኔስ ምን ላድርግ አለች።

ወረቀቱን ያወጣን የጅዳ ሴቶች ሁላችንም ባሎቻችን እዚሁ ናቸው፤ የሌለውስ የሚለው ጥያቄ በሐሳባችን ሽው ብሎ አያውቅም። ማኅበርተኛውን ሁሉ ጠየቅኩ፣ የሚያውቅ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ራሷ ትምህርት ቤቱ ሄደች። አረብኛዋ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው፤ ያኔ ደብዳቤው ይበቃል ብላ ያልጠየቀቻትን መዝጋቢዋን አሁን ጠይቃ መልሱን አመጣች። የኒካሑ፣ የጋብቻው፣ ወረቀት ካለ፣ አባትየውም የፓስፖርቱን ፎቶ ከላከ ይበቃል። የኒካሑ ወረቀት ሻንጣዋ ሥር ነበር። አምስት ያልነው ስድስት ሆነ። ስድስተኛውን እሷ ነገረችኝ፣ እኔ መልሼ አሰማኋት። አንድ ቃል ዘልዬ አስደገመችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ማዳሜ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ማዳመጫው ከሻሼ ሥር ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሰኞ ከሰዓት የሆስፒታሉ ተያዘ። ማክሰኞ የክትባቱ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ አከራይዋ አራተኛውን፣ የቤቱን ውል ሰጠቻት፤ አምስተኛው፣ የልጅቱ ጉርድ ፎቶም ደረሰ። ረቡዕ ማታ ባልየው የፓስፖርቱን ፎቶ ላከ። አንዱ በመጣ ቁጥር ደስታዬን ለማን ልናገር፣ ድስቱን እያማሰልኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ። የሕፃን ድምፅ ነው።

«ኻላቲ፣ ኸላስ፣ ተቀበሉኝ» አለችኝ፤ አክስቴ፣ አለቀ ማለቷ ነው።

እልልታዬን ለቀቅኩት። ማዳሜ እሳት የተነሣ መስሏት እየሮጠች ገባች። ልጅ ትምህርት ቤት ገባች አልኳት። የማን ልጅ ስትለኝ የእኛ አልኩ፤ እንባዬን በአይበሉባዬ እየጠረግኩ። ዕድሜ ይስጣት፣ ምድጃውን አጥፍታልኝ ወጣች።

እናትየው ስልኩን ተቀበለች። ምስጋናና ምርቃት ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ቸኩላለች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያልተሳካላቸው ሁለት ሐበሻ እናቶች ከነልጆቻቸው ቆመዋል። አንደኛዋ ሁሉም ሰነድ ቤቷ አለ፣ የቱን ማምጣት እንዳለባት ነው ያላወቀችው፤ ቤቷም ቅርብ ነው። እስከ ቀትር ገና ሰዓት አለ።

«እታለም፣ ስልኩን አትዝጊው» አለችኝ። «እኔ ልንገራቸው፤ ከተሳሳትኩ ብቻ አቋርጪኝ።»

አንደኛውን ነገረቻቸው። ሁለተኛውን ከመንገሯ በፊት መልሳችሁ አሰሙኝ አለች። አንዷ ሴት ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች። እኔ፣ ዝም ማለት የማልችለው ሴትዮ፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ ትንፍሽ አላልኩም።