የኦይታ ክሮች

በ1972 ዓ.ም. ሴቻ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ክሊኒክ፣ ድሬሰር ፈቃደን «ዶክተር» ብሎ ያልጠራ ሰው ቁስሉ ሳይታጠብለት ይመለስ ነበር። ፈቃደ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት ተምሯል። በዚያ ክረምት ግን መርፌውን አልፎ ተመራማሪ ሆነ።

ለምርምሩ የተገኘው የዶርዜው ሸማኔ የኦይታ ውስጥ እግር ነው። ጥቁር ነጥብ ወጣበት፤ ባቄላ አከለ፤ ቆይቶ መድማት ጀመረ። ፈቃደ በየቅዳሜው ቅባት ይቀባውና የነጥቡን ስፋት በዓይኑ መትሮ ግድግዳ ላይ በለጠፈው ሠንጠረዥ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ሁልጊዜ ቁልቁል ነው። ለአብዮት በዓል የሚላከው ሪፖርት እንዲያምር፣ የመጪዎቹን ሦስት ቅዳሜዎችም አስቀድሞ አስምሯቸዋል።

«ዶክተር፣ አዲስ አበባ ይላኩኝ። ይኼ ነገር ሊገድለኝ ነው» አለ በአባቱ ዕድሜ ያለው ኦይታ።

«ሠንጠረዡን አታይም እንዴ? እየዳንክ እኮ ነው!»

«ሠንጠረዡስ ድኗል» አለች የክሊኒኳ ጽዳት ሠራተኛ ሻሺቱ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ። ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ።

ኦይታ ከጋቢው ጫፍ የቋጠራቸውን ሰባት ክሮች ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። በየቅዳሜው ከመቀባቱ በፊት ነጥቡን ዳር እስከ ዳር ለክቶ የቆረጣቸው ናቸው። እያንዳንዱ ከፊተኛው ይረዝማል።

ፈቃደ ክሮቹን ወደ ጎን ገፋቸው። «ክር… ክር ይለጠጣላ!»

«የኔ ክር?» ኦይታ በሕመሙ ያልተቆጣውን ያህል ተቆጣ። «እስቲ ይጎትቱት!»

ሰው ሁሉ እያየ ነውና ፈቃደ ጎተተ። ክሩ ጣቱን ሰነጠቀው እንጂ ንቅንቅ አላለም። ፈቃደ ጣቱን እየመጠጠ የመላኪያውን ወረቀት ጻፈ፤ «መድኃኒቱ ሠርቷል። በሽተኛው ግን አልተባበረም።»

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ሕይወቱን ለማትረፍ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ከወራት በኋላ ኦይታ በክራንች ተደግፎ ወደ ክሊኒኳ ገባ። የሸማ ዕቃውን የሚረግጥበት ሁለተኛ እግር ስለሌለው ለሚሸምኑት ልጆቹ ክር ማድወር ጀምሯል። ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። መስመሩ ዜሮ ደርሷል።

«ልክ ነበሩ ዶክተር» አለ ረጋ ብሎ። «ነጥቡ ጠፍቷል።»

ፈቃደ ሠንጠረዡን የቀደደው ኦይታ ደጁን ሳይወጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዶክተር» የሚለውን ሁሉ «ኧረ ድሬሰር በሉኝ» ይል ነበር፤ ለሁለት ሳምንት።