ዳለቻ ወንዝ አልተሻገረችም

በንቲ በልጅነቱ አህያ አልነበረውም፤ አህያው ራሱ ነበር። አባቱ አዋሽ ወርዶ በንዳድ ሲሞት እርሱ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ያልጨረሰ ልጅ ነው። እናቱን ለመርዳት ከላፍቶ ወንዝ አሸዋ እየተሸከመ ቤት ወደሚሠራባቸው ሰፈሮች ያደርስ ጀመር። የቃጫው ገመድ ትከሻውን በላው። ቁስሉ ማዠት ሲጀምር አሠሪው ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥቶ አፈሰሰበትና፣ "ከእንግዲህ ዝንብ አያርፍበትም" አለው። ዝንቡስ እውነትም አላረፈም። ቁስሉ ግን ከሥር መገለ፤ ልጁም በትኩሳት ተዝለፍልፎ እተሸከመው አሸዋ ላይ ወደቀ።

ያነሱት እትዬ ሙፊዳ የሚባሉ፣ መካኒሳ መንገድ ዳር ጎመን የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ቤታቸው አስተኝተው፣ ውኃ በጨው አፍልተው፣ ለብ ሲል ጠዋትና ማታ ቁስሉን አጠቡለት። ዘይቱን ቀስ እያሉ አስለቀቁት። ልጁ ነፍስ ሲዘራ ቁራጭ የበግ ለምድ ከኬሻ ጋር ሰፍተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና፣ "በል ሂድ፤ ዳግመኛ ገመድና ሥጋ እንዳይገናኙ" አሉት።

በንቲ ይህን ቃል አልረሳም። ጎልምሶ ጫልቱን አግብቶ፣ አህዮች ገዝቶ ከወፍጮ ቤት እህል ማመላለስ ሲጀምር፣ ለእያንዳንዷ አህያ ከኬሻና ከገለባ ትራስ ሰፋ። ጭነት ሲያራግፍ መጀመሪያ ጀርባቸውን ይዳብሳል፤ ተልጦ ካገኘ በጨው ውኃ ያጥባል። እነሱ ውኃ ሳይጠጡ እርሱ እህል አይቀምስም። ጫልቱ ዕቃ ያጠበችበትን ውኃ አጥር ሥር ለተከላቸው የወይራ ችግኞች ያጠጣል፤ ፋንድያውን ጉድጓድ ውስጥ ያበሰብሳል።

የሰፈሩ አህያ ነጂዎች ይስቁበት ነበር። በተለይ ጎረቤቱ ለሜሳ፣ "በንቲ ለአህዮቹ ካፖርት አሰፋላቸው፤ ለከርሞ ጫማ ይገዛላቸዋል" ይል ነበር። እነርሱ የአህያ ጀርባ ሲላጥ ያንኑ የተቃጠለ ዘይት ይቀባሉ። አህያዋ ስታረጅ ደግሞ ወንዝ አሻግረው ትተዋት ይመለሳሉ። ቀሪውን ጅብ ይጨርሰዋል። ልማዱ ይኸው ነበር፤ ነውርም አልነበረም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ፣ በየቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነጋ ሰፈሩን እየዞረ ሲመለከት በበንቲ በር ላይ ቆመ። ከአህዮቹ ሁሉ የቆየችው ዳለቻ አጥሩ ሥር ቆማለች። የኋላ እግሯ አንክሷል፣ ጆሮዋ ወድቋል።

"ጓድ በንቲ፣ ይቺ ምንድን ነች?"

"አህያ ነች፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

"አህያነቷንማ አየሁት። በዚህ መንገድ እንግዶች ያልፋሉ። አንካሳ ከብት እየታየ አይሆንም። ከበዓሉ በፊት ከሰፈሩ ትውጣ።"

"ወዴት ትሂድ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ" ብሎ ሄደ።

ለሜሳ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሰምቷል። "ምን ያስጨንቅሃል? ወንዙን አሻግራትና ተመለስ" አለው። "ብቻ ዞረህ እንዳታያት። ካየሃት ትከተልሃለች።"

በንቲ ዳለቻን ውኃ አጠጣት። ቤት ሲገባ ጫልቱ፣ "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር" አለችው። "ለካ ባሌን ኖሯል።"

"እናያለን" አላት።

እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። "መንገዱን ያበላሸችው ዳለቻ አይደለችም" አለ። "ወንዙ ዳር የተቆለለው ቆሻሻ ነው። ቤንዚን ስለጠፋ መኪናው አይመጣም። የኔ አህዮች ደግሞ ቤንዚን አይጠጡም። እኔ አነሳዋለሁ፤ እሷን ተዉልኝ።"

አዳራሹ ሳቀ። ነጋም ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "አንካሳዋም ትሸከማለች?" አለ።

"ቀላል ቀላሉን። ልጣጭና ገለባ።"

"እንግዲያው እስከ በዓሉ ድረስ። ያን ቀን ክምሩ ካለ እሷ የለችም።"

ክረምት ነበር። በንቲ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ከክምሩ ጭኖ ከወሰደ በኋላ ነው ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደው። የሚበሰብሰውን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው ጦም አዳሪ መሬት ላይ እየደፋ ከፋንድያው ጋር ያደባልቀዋል። ብረትና ጠርሙሱን ለቆራሌው ይለያል። ዝናቡ ይደበድበዋል፣ ጭቃው ይይዘዋል፤ እርሱ ግን አልቀረም። ችግሩ ክምሩ ከላይ ሲቀነስ ከሥር መጨመሩ ነበር፤ ሰው ሁሉ የቤቱን ጥራጊ እዚያው ይደፋልና።

ስለዚህ ሴቶቹን ልጣጭና ጥራጊ ለይተው በየበራቸው እንዲያስቀምጡለት ለመነ። ሰሙት፣ ግን አልለዩም። አንድ ቀን ታናሿ አህያ ከልጣጭ ጋር የተደባለቀ ስባሪ ጠርሙስ ነክሳ ከንፈሯ ተተረተረ። በንቲ አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ደም የነካውን ስባሪ በመዳፉ ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ አሳየ። በጉልት ሽንኩርት የምትቸረችረው ዚነት ትክ ብላ አየችውና፣ "ይህስ የልጅ እግር ቢሆን ኖሮ" አለች። በማግሥቱ በሯ ላይ ሁለት ቅርጫት አስቀመጠች። ቀጥሎ ጎረቤቷ፣ ከዚያ ሌላዋ። ክምሩ መጉደል የጀመረው ያኔ ነው። ዳለቻ እያነከሰች በየበሩ ስትደርስ ራሷ ትቆም ነበር፤ ከሸክሟም ድርሻዋን ትበላለች።

አንድ ጠዋት ለሜሳ በዘይት የጠቆረ ጀርባ ያላትን አህያውን እየሳበ መጣ። ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ፣ "ያ የጨው ውኃ አለህ?" አለው።

"አለ። እጅህን ታጠብና ያዝልኝ" አለው በንቲ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የለሜሳም አህዮች ከክምሩ ጫኑ።

በበዓሉ ዋዜማ ነጋ መጣ። ወንዙ ዳር ባዶ መሬት ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ በንቲ በብስባሹ ላይ የዘራው ጎመን በቅሎ፣ ዳለቻ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ታየዋለች። ነጋ አንዴ ጎመኑን፣ አንዴ አህያዋን አየ።

"ጎመኑን እንዳትበላው" አለ በመጨረሻ።

"እሰራት ማለትዎ ነው፣ ወይስ ሸኛት?"

"እሰራት።"

ዳለቻ ከዚያ በኋላም ኖረች። ዕድሜዋን ጨርሳ በዚያው ግቢ ሞተች፤ ለሜሳና በንቲ ወይራዎቹ ሥር ቆፍረው ቀበሯት። በንቲ ካረጀ በኋላ በዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በሕይወትህ ትልቁ ነገር ምን ነበር ብለው ሲጠይቁት እንዲህ አለ፦

"እትዬ ሙፊዳ ሲያነሱኝ ለማንም የማልጠቅም ልጅ ነበርሁ። ምን ትሠራለህ ብለው አልጠየቁኝም፤ ውኃ ነው ያሞቁት። ለቀበሌው የዳለቻን ጥቅም ማሳየት ነበረብኝ፤ አሳየሁ። ለእኔ ግን ባትጠቅምም ወንዙን አላሻግራትም ነበር። ዞሬ ሳላያት የምመለስበት አንገት አልፈጠረልኝም።"