እናቴን ያሳጣሁበት ቀን

የሚጥል በሽታ የጀመረኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ሐኪም ክኒን አዘዘልኝ። እናቴ ግን ጸበል ካስጀመረችኝ በኋላ «ሁለቱ አብሮ አይሄድም፤ እምነትሽ ይጎድላል» ብላ ክኒኑን አስተወችኝ። እኔም አመንኳት።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን አንድ ጠዋት ከጸበል ስንመለስ፣ የቡራዩ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ታክሲ አልነበረም። በእግራችን ስንሄድ መንገድ በዘጉት ወጣቶች መሀል ወደቅኩ። ስነቃ ክሊኒክ አልጋ ላይ ነኝ፤ ቀሚሴ በሽንት ርሷል። ተሸክመው ያመጡኝ ልጆች በሩ ላይ ቆመዋል። እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«መድኃኒቷን ትወስዳለች?» አለ ሐኪሙ።

«አዎ፣ ትወስዳለች» አለች እናቴ።

በቀሚሴ ያፈርኩት ሁሉ ንዴት ሆነብኝና «ውሸቷን ነው! እሷ ናት ያስተወችኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ወጣቱ ሐኪም እናቴን «አንቺ» እያለ፣ «ልጅሽን ልትገድያት ነው? ማን ወሳኝ አደረገሽ?» ብሎ በሰው ፊት ተቆጣት። በሰፈራችን አንቱ የምትባል ሴት ነበረች። አንገቷን ደፍታ «እግዜር ይምርልኛል ብዬ ነው... ስጧት» አለች በቀስታ።

ከዚያ ወዲህ ክኒኑን አላቋረጥኩም፤ ከወደቅኩም ዓመታት አልፈዋል። እውነቱን መናገሬ አይቆጨኝም፤ እንደዚያ ጮኼ ማዋረዴ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል። ያን ቀን ከክሊኒኩ ስንወጣ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እርጥቡ ቀሚሴ እንዳይታይ ነጠላዋን አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ።

«ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።