ከፍየሏ ቀጥሎ እኔ ጠጣሁ

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ በመንጌ መንደር ሴቶችን የሚያዋልዱ ነበሩ። አንድ ነገር ያንገበግባቸው ነበር፤ ከወሊድ በኋላ ማሕፀናቸው ቆስሎ መግል የፈሰሳቸው ሴቶች ከሞት ቢተርፉም ብዙዎቹ ዳግመኛ አያረግዙም። ባሎቻቸውም ሌላ ያገባሉ።

አንድ ቀን እንዲሁ ታማ የመከነች ፍየላችን ታረደች። ሆዷ ሲከፈት ማሕፀኗ ካንጀቷ ጋር ተጣብቆ በእጅ አልላቀቅ አለ። አማቴ ጠርተው አሳዩኝ።

«የሴቶቹም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። «ቁስሉ ትኩስ ሳለ መድኃኒት ቢደርስለትስ?»

በዚያው ክረምት ሁለት ፍየሎች ጨነገፉና ሁለቱም መግል ፈሰሳቸው። አማቴ ቁስል የሚያጥቡበትን የወንዝ ዳር ዛፍ ልጣጭ ቀቅለው አንደኛዋን ብቻ አጠጧት። እኔ ቀንዷን እይዛለሁ፤ እርሳቸው በቅል ያንቆረቁሩላታል። ሁለቱም ዳኑ። ከመኸር በኋላ አማቴ ሁለቱም ይታረዱ ሲሉ የባሌ አጎት ተቆጡ።

«የዳነች ፍየል ሆዷን ለማየት ትታረዳለች? ወላሂ፣ እብደት ነው!»

«ሥጋውን እናንተ ብሉ፤ ለኔ ሆዷን አሳዩኝ» አሉ አማቴ።

ያልጠጣችው ማሕፀኗ እንደ ፊተኛዋ ተጣብቆ ነበር። በጠጣችው ግን የአማቴ ጣት በማሕፀኗና ባንጀቷ መካከል ምንም ሳይዘው አለፈ።

«ነይ፣ አንቺም ዳስሽ!» ብለው ጮኹ። እጄን ሰደድኩ፤ ሙልጭልጭ ያለ ነበር። በደም በተነከረ እጃችን ተቃቀፍን።

በዓመቱ የበኩር ልጄ ሞቶ ተወለደ። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዘኝ፤ መግሉም ተከተለ። አማቴ ቅሉን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ቶሎ ግን አልሰጡኝም።

«ልጄ፣ ፍየል ላይ እንጂ ሰው ላይ አላየሁትም። ሊጎዳሽም ይችላል። አንቺ እሺ ካልሽ ብቻ ነው።»

«በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ምሬቱ ምላሴን አደነዘዘው። ቀስ በቀስ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሆዴ ውስጥ የሆነውን ግን ከፍቶ የሚያይልኝ የለም። የባሌ ዘመዶች ሌላ ሚስት ይፈልጉለት ጀመር። እርሱ ወርቅ ከሚያጥብበት ወንዝ ሲመለስ «ታገሡ» ይላቸው ነበር።

ማሽላው ተዘርቶ ሲበቅል የወር አበባዬ ቀረ። ለአማቴ ስነግራቸው «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ደግመው አስደገሙኝ።

ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ጩኸቷ ጎረቤት ይሰማል። ያንን ሁሉ ሴት ሲያዋልዱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት አማቴ «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ ወደ ውጭ ሮጡ። እልልታቸው ከኔ ቤት ተነሥቶ መንደሩን አዳረሰው።