የእድራችን ድንኳን ሽርሽር የወጣ ጊዜ

በጃንሆይ ዘመን የመርካቶ ሰው ከመርካቶ የሚወጣው ለንግድ፣ ለስለት ወይም ለልቅሶ ነበር። አራተኛውን ምክንያት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያመጣሁትም ሳላውቅበት ነው።

ሰባተኛ አካባቢ የሳህንና የብርጭቆ ሱቅ ነበረኝ። ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሚስቴን ስለምናት «ዓለምን አሳይሻለሁ» ብያት ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ያሳየኋት ዓለም ግን ከአብነት እስከ አትክልት ተራ ያለውን ነው። አንድ ቀን ፒያሳ፣ በአንድ የጉዞ ወኪል መስኮት ላይ የተለጠፈ ሥዕል አየሁ። ባርኔጣ ያደረጉ ባልና ሚስት ድንኳን ደጃፍ ተቀምጠው ይጠጣሉ፤ ፊት ለፊታቸው አንበሳ ይንጠራራል፤ ድንኳኑ ውስጥ ነጭ አንሶላ የለበሰ አልጋ ይታያል። እንኳን በዱር፣ በቤቴም እንደዚያ ያለ አልጋ አልነበረኝም።

ገባሁ። ከረባት ያሰረው ጸሐፊ ካርታ ዘርግቶ በጣቱ መንገዱን ሠራልኝ፤ አዋሽ ለአውሬው፣ ከዚያ በጎጃም አቋርጦ ስሜን ለተራራው፣ ከዚያ ምጽዋ ለባሕሩ። ላንድሮቨር ከነሾፌሩ። በዚህ ሁሉ ተስማማሁ። «ድንኳንም እናከራያለን፣ የቅንጦት ነው» ሲለኝ ግን የመርካቶ ልጅነቴ ተነሣብኝ። የምን ኪራይ? የእድራችንን የሚያህል ድንኳን ማን አለው? ስንት ዘመን ሳላጓድል ሳዋጣ አንድ ዘመድ እንኳ አልሞተልኝ፤ አልሞተብኝ ማለቴ ነው።

የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ድንኳኑን ለሁለት ሳምንት ፈልጌው ነበር።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ሆንክ?»

«ባለቤቴን ወደ አገሯ፣ ወደ ጎጃም ይዣት ልወጣ ነው። አደራዎን፣ እሷ እንዳትሰማ። ስትደርስ ታየዋለች።»

ድንገት ላስደስታት አስቤ ነው። ሽማግሌው ግን አንገታቸውን ደፍተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ጠንከር በል።»

መንገዱን ማለታቸው መስሎኝ «ግድ የለም፣ ላንድሮቨር ነው» አልኳቸው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ሚስቴ ከፈተች። የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተሰልፈዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት፣ ያለ መርዶ የሚመጣ ሰው የለም። ማንም አፉን ሳይከፍት «እናቴን» ብላ መሬት ተቀመጠች።

እኔ በውስጥ ሱሪዬ፣ የአንበሳውን ሥዕል ይዤ ወጣሁ። «ማንም አልሞተም! ሽርሽር ነው።»

«በልቅሶ ድንኳን?» አሉ ዳኛው።

«አውሬ፣ ተራራ፣ ባሕር ልናይ ነው።»

«አይታችሁስ?»

«እንመለሳለን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ኀዘኑ አእምሮውን ነክቶታል» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

ሚስቴም አላመነችኝ። እውነቷን ነው፤ መርዶ የሚደብቅ ሰው ሌላ ምን ይላል? በማልኩ ቁጥር ልቅሶዋ ባሰ። «እናቴን በዓይኔ ሳላይ አንበሳህን አላይም» አለችኝ። አዋሽ ቀረ። ሽማግሌዎቹ አዝነው የሰጡንን ድንኳን ላንድሮቨሩ አናት ላይ አስረን፣ እሷ ጥቁር ለብሳ፣ እናቷ ወዳሉበት ወደ ደጀን ነዳነው። አባይ በረሃ ላይ ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር።

«እዪ፣ አውሬ» አልኳት።

«ከጎኔ ያለው ይበቃኛል።»

ከአዲስ አበባ ከወጣን ወዲህ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። እኔ ግን መልስ በመስጠቷ ተስፋ አደረግሁ።

አማቴ ደጃፋቸው ላይ ጌሾ እያሰጡ ነበር። ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ወፍረዋል። ልጃቸውን በጥቁር፣ ድንኳኑን በመኪና አናት ላይ ሲያዩ ሰፌዱን ጥለው ደረታቸውን መቱ። «ልጄን! ባልሽን አጣሽው?»

እኔ ከመኪናው ኋላ ገመድ እፈታ ነበር። ብቅ ስል አማተቡ።

ሚስቴ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «እሺ፣ ተራራህ የት ነው?» አለችኝ። ተረፍኩ አልኩ በሆዴ።

አማቴ ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ባሕር ጨው ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«ሳልቀምስ አላምንም» ብለው መኪናው ውስጥ ገብተው ከመካከላችን ተቀመጡ። ልጃቸው ከማን እንደወጣች ያን ጊዜ ገባኝ። ድንኳኑ ውስጥ ልዘረጋው ከቤት የጫንኩት የሁለት ሰው አልጋም ለሁለት ሆነ፤ ለእናትና ለልጅ። እኔ ስሜን ድረስ ከሾፌሩ ጋር ላንድሮቨር ውስጥ እያደርኩ፣ እሱ እያንኮራፋ ነጋልኝ።

ስሜን ላይ ድንኳኑን ገደል አፋፍ ተከልነው። ዋልያ ለማየት ስናሰፈስፍ ከታች ካለው መንደር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንጀራና ጠላ ተሸክመው መጡ። ሰላምታም ሳይሰጡ ገብተው ዝም ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት «ማን አረፈባችሁ?» ብለው ጠየቁ።

አማቴ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱ ነበር። ተሽሎታል።»

ሚስቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የመንደሩ ሰዎችም መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ሳቁ፤ ጠላውም ለሽርሽሩ ሆነ። ዋልያዎቹ በዚያ ሳቅ ደንብረው ይሆናል፣ አንድም አላየንም። እኔ ግን የፈለግሁትን አይቼ ነበር።

ምጽዋ ደርሰን አማቴ ባሕሩን በመዳፋቸው ቀመሱት። «ጨው ላይ እጁ ከብዷል» አሉ፣ ስለ ሠሪው።

የአዋሽን አንበሳ ግን እስከ ዛሬ አላየነውም። እንሂድ ባልኳት ቁጥር ሚስቴ ብድግ ትልና፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሰው ደህና መሆኑን ልጠይቅ» ትለኛለች።