የመጀመሪያዋ ገዢ ሆኜ ባዶ እጄን የሄድኩ ዕለት

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጀጎል፣ ገበያው ውስጥ የነበርነው እኔ፣ አስተማሪዋ ልጄ ምሕረት፣ ስፌት የሚሸጡት፣ በአገሩ አጠራር «አዴ» (እናት) የሚባሉት ዘይነባና አጠገባቸው ሎሚ የምትሸጠው ፈቲያ ነን። ሌላ ገዢ ገና አልመጣም ነበር።

ከአዳማ የተነሳሁት ስፌት ፍለጋ አይደለም። ምሕረት ሐረር ከተመደበች ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዘመድ በሌላት አገር ብትታመም ማን ውሃ ያቀብላታል? ዝውውር ጠይቃ እንድትመለስ ላግባባት ነበር የሄድኩት።

መንገድ

አዋሽ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ጥብስ ሲያዝ እኔ ከቤት የያዝኩትን ዳቦ በላሁ፤ የመንገድ ምግብ አላምንም። ከጭሮ በኋላ መንገዱ ሲጠማዘዝ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ቁልቢ ስንደርስ ብቻ ገልጬ፣ «ገብርኤል፣ ልጄን መልስልኝ» አልኩ።

ምሕረት ከመናኸሪያ በባጃጅ ወሰደችኝ። ፈላና በር አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። የዝውውሩን ነገር ሳነሳባት፣ «እማዬ፣ መጀመሪያ ከተማውን እዪው» ብላ ዘጋችኝ።

ገበያ

በማግስቱ በጠባቡ መንገድ በእግራችን ገባን። ምሕረት ሰው ሰላም ልትል ወደ ኋላ ስትቀር፣ አንድ ቀይና አረንጓዴ ስፌት ዓይኔን ያዘው።

«ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ» አሉ አዴ ዘይነባ።

«ስምንት መቶ ይውሰዱ።»

«ወላሂ፣ ስሰፋው ጣቴ አልቋል! በቃ፣ ሺህ አምስት መቶ።»

በእኛ ዘንድ ዋጋ ሲወደድ ጥሎ መሄድ ነው፤ ሻጩ ራሱ ይጠራል። ሄድኩ። የጠራኝ የለም። ዞር ስል አዴ ስፌቶቹን በጨርቅ እየሸፈኑ ነው።

«አቦ፣ እናቴ፣ ምን አደረግሽ!» አለች ፈቲያ። «የጠዋት የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጁን ይሄዳል? ቀኑን ዘጋሽባቸው እኮ!»

ወደ ስፌቶቹ ተመለስኩ። ምሕረት ደርሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግራ ትንሽ ሙዳይ አነሳችና የተባለችውን ከፈለች። አዴ ብሩን ግንባራቸው ላይ አስነክተው «ቢስሚላህ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የአስተማሪያችን እናት ነሽ? ባውቅ ኖሮ ከሦስት ሺህ ነበር የምጀምርልሽ!»

ሳቅን። አዴ ቀጠሉ፦ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምግብ አትበላም። ያን ጊዜ ትኩሳት ይዟት እኔ ቤት ስትተኛም ሾርባ ያጠጣኋት በቁጣ ነው።»

«አዴ!» አለች ምሕረት።

«ኡኡ፣ እናቷ አትስማ ብላኝ ነበር ለካ!»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ልቆጣም ላመሰግንም አልቻልኩም። ሺህ አምስት መቶ ቆጥሬ ብዘረጋ፣ አዴ እጄን መለሱት።

«ተከራከሪ እንጂ! ሳይከራከሩ ምን ገበያ አለ?»

በሺህ ሁለት መቶ ተስማማን። ፈቲያ ሎሚ መረቀችልኝ።

ቤት

አዳማ ብቻዬን ተመለስኩ። ዝውውር የሚለውን ቃል ሁለተኛ አላነሳሁም። ልጄ እኔ የማላውቃቸው እናት እንዳሏት አይቼ መጥቻለሁ። በማለዳም ላልገዛ ዋጋ አልጠይቅም።

ሰሞኑን ግን ምሕረት በስልክ ድምጿ ጎርነን ብሎብኛል። «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ብትታመምም የምትለው ይህንኑ ነው። ሐረር ያላችሁ፣ በፈላና በር የምታልፍ ቀጭን፣ ፈጣን አስተማሪ ካያችሁ፣ እንዴት እንዳለች እባካችሁ ጻፉልኝ።